በአጃ ውኃ የተቦካው የቡሄ ዳቦ

ባለፈው ነሐሴ፣ ጾሙ በገባ ሰሞን፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ካለ ካፌ ቁጭ ብዬ አንዲት ልጅ እግር አስተናጋጅ «የጾም ማኪያቶም አለን፣ በአጃ ወተት የሚሠራ» አለችኝ። በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «በምን?» አልኳት። «በአጃ ወተት ነዋ! አጃው ይዘፈዘፍና ይፈጫል፣ ከዚያ ይጠለላል። ቁርጥ ወተት ነው የሚመስለው፣ ቢቀምሱት አይለዩትም» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጅቷ ደንግጣ «ምነው? ሻይ ይሻልዎታል?» ብላ ሻይ አመጣችልኝ። ሻዩም ሳልጠጣው ቀዘቀዘ፣ ሐሳቤ ተወልጄ ያደግሁባት መሐል ሜዳ ደርሶ ነበርና።

ልጅ እያለሁ፣ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው፣ እኛ አገር የቡሄ ዳቦ ማለት ሙልሙል ነበር። እናንተም ታስታውሱት ይሆናል። የክርስትና እናት ለክርስትና ልጇ የምትሰጠው፣ ደጅ ላይ ለሚጨፍሩ ልጆች የሚታደለው ያ ትንሽ ዳቦ። ትኩሱን ከበሉት ጥሩ ነው። ካደረ ግን ለውሻ ቢወረውሩለት ድንጋይ መስሎት ይሸሻል። እኛ ልጆቹ ግን መች ደንታ ነበረን! በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን፣ ስንግጠው ውለን ስንግጠው እናመሽ ነበር።

የክርስትና እናቴ እትዬ የሺ ገበያው ዳር ሻይ ቤት ነበራቸው። እናቴን አንቺ እያልኩ እሳቸውን አንቱ ነበር የምላቸው፣ ግን እውነቱን ልናገር፣ ከእናቴ ይልቅ የምወደው እሳቸውን ነበር። በልጅነታቸው ደብረ ብርሃን ሆቴል ቤት ሠርተው የመጡ ሴት ናቸው። ሻይ ቤታቸው ጓሮ ከበርሜል ያሠሩት መጋገሪያ ነበራቸው፣ በፍስክ ጊዜ በወተት፣ በቅቤና በእንቁላል ትንንሽ ድቡልቡል ዳቦ ይጋግሩበታል። በጣት ሲጫኑት ስርጉድ ብሎ ተመልሶ ብድግ የሚል ዳቦ! ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዱን ደብቀው ያቆዩልኝና «ነይ አስካልዬ፣ ሰው ሳያይሽ ግመጭ» ይሉኛል። አስካለ ማርያም የክርስትና ስሜ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም የሚጠራኝ ሙሉ እያለ ነበር። በክርስትና ስሜ የሚጠሩኝ እሳቸውና ቄሱ ብቻ ነበሩ፣ ስለዚህ አስካልዬ ሲሉኝ ሌላ ሰው የማያውቃት አንዲት የተሻለች ልጅ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዓመት ፍልሰታን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው ጾምኩ። ፍልሰታ የልጆች ጾም እንደሆነ ታውቃላችሁ። በነሐሴ ብርድ፣ ጉሙ ቤተ ክርስቲያኑን ውጦት፣ እግራችን በጭቃ ተለውሶ በየቀኑ እንሄዳለን። ቅዳሴው ሲያልቅ ቆርበን፣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ ሳንነጋገር እንደ ትልልቅ ሰዎች ኮራ ብለን ወደየቤታችን እንወርዳለን። ሆዴ እየጮኸ ልቤ ግን ጥግብ ያለበት ጊዜ ከዚያ ወዲህ ትዝ አይለኝም። እናቴ ለጾሙ ፍቺ፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት የምለብሰው ነጭ ቀሚስ አሰፍታልኝ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። እሷ ሳታይ እየከፈትኩ አሸተው ነበር። ያን ቀሚስ ለብሼ በፍልሰታ ቀን መቁረብ፣ የዚያን ዓመት ሙሉ ምኞቴ ይኸው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በጉራ ነው። እትዬ የሺ በየዓመቱ ቡሄን በቤታቸው ደግሰው የክርስትና ልጆቻቸውን ከነወላጆቻቸው፣ የነፍስ አባታችንን መምሬ ጥላሁንን፣ ጎረቤቱንም ይጠራሉ። ያን ዓመት በማኅበር ላይ «ዘንድሮስ ጥርስ የሚሰብር ሙልሙል አላድልም፣ እንደ ጥጥ የሚለሰልስ የከተማ ዳቦ ነው የማበላችሁ» ብለው አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ። ቡሄ ግን የሚውለው በጾም ነው! ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። በውኃ ብቻ ሞከሩት። ያ ውብ ዳቦ ከበርሜሉ ኮረት ሆኖ ወጣ። ሻይ ሊጠጣ የመጣ አንድ ሹፌር «እትዬ፣ ይኼን እንኳ ለመንገድ ሥራ ቢሸጡት ያዋጣዎታል» ብሎ ቀለደባቸው። ሳቁለት፣ ግን ከአንገት በላይ ነበር። እትዬ የሺ ሰው ምን ይለኛል የሚሉት ነገር ከሞት በላይ ነው የሚያስፈራቸው።

በቡሄ ዋዜማ ሊጡን አብረን እንድናቦካ ጠሩኝ። ገና ስደርስ ጣሳ ሰጥተውኝ ከእማማ ዘርፌ ወተት እንዳመጣ ላኩኝ። «ለሲስተር አልማዝ ልጅ ነው በያቸው» አሉኝ። ሲስተር አልማዝ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነች፣ እሳቸው ግቢ ተከራይታ ከሕፃን ልጇ ጋር ትኖራለች። እማማ ዘርፌ ደግሞ የሠፈራችን ባለላም ናቸው፣ በጾም ወተቱን ለቅቤ ነው የሚያጠራቅሙት። ለሕፃን ነው ስላቸው «እሰይ፣ ይጠጣ! ሕፃን ምን ጾም አለበት» ብለው ጣሳውን ሞሉልኝ። እኔም ጠብታ እጄን ቢነካኝ ጾሜ የሚፈርስ መስሎኝ ጣሳውን ከሰውነቴ አርቄ ይዤ መጣሁ። እትዬ የሺ ተቀበሉኝና ወዲያው ጭራሮ እንድለቅም ወደ ጓሮ ሰደዱኝ።

ስመለስ ገበቴው ውስጥ፣ ዱቄቱ መሐል፣ ነጭ ፈሳሽ ተቋጥሯል። «ምንድን ነው እትዬ?» አልኩ። «የአጃ ውኃ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «አጃ ዘፍዝፌ ያጠለልኩት ነው። ሊጥ ያለሰልሳል። ሙያ ነው፣ ለሰው አትንገሪ አስካልዬ።» እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለእናቴ እንኳ ያልተነገረ ሙያ ለእኔ ተነገረኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ክርኔ ገባሁበት። ሊጡ ለብ ያለ፣ ልስልስ ያለ ነበር፣ እጄን ይዞ ቀስ ብሎ ይለቀኛል። እስኪደክመኝ አሸሁት። ከዚያ ብርዱ እንዳይመታው ገበቴውን በባና ጠቅልለን ምድጃው አጠገብ አስቀመጥነው። ኩፍ ሲል እየቆረስን አድበለበልነው፣ ትሪው ላይ ጎን ለጎን ደረደርነው፣ ዘይት ቀብተን ጥቁር አዝሙድ በተንበት። ከበርሜሉ ሲወጣ ሽታው ገበያ ድረስ ሳይሄድ አልቀረም። አንዱን በጣቴ ተጫንኩት። ስርጉድ ብሎ፣ ብድግ አለ። «አየሽ?» አሉኝ እትዬ የሺ። ግንባሬንም ሳሙኝ።

በማግስቱ፣ በቡሄ ዕለት፣ ሠፈሩ በጅራፍ ጩኸት ተናውጦ ዋለ። ቆርቤ፣ ጠበሌን ጠጥቼ፣ ከእናቴ ጋር እትዬ የሺ ቤት ገባን። መምሬ ጥላሁን ጸሎት አድርገው ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ሲጎርሱት ዓይናቸው ፈጠጠ። «የሺ፣ ይኼ ዳቦ ነው ጥጥ? እንደኔ ጥርስ ለሌለው ሰው እንዲህ ያለውን ነው!» አሉ። ሰው ሁሉ ተቀበላቸው፣ ዳቦው በየእጁ እየተጫነ ብድግ ሲል ይታያል። እትዬ የሺ እጄን ስበው ከመሐል አቆሙኝና «ሊጡን ያቦካችው ይቺ ናት። የእኔ ልጅ! እጇ ወርቅ ነው» አሉ። እልል ተባለልኝ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ስትስቅ አየኋት። እኔም ሁለተኛውን ዳቦ አነሳሁ።

እማማ ዘርፌ ጆሯቸው ስለከዳቸው ሲያወሩ አገር እንዲሰማ አድርገው ነው። ከማዶ ሲስተር አልማዝን አዩና «ልጄ፣ ወተቱ ለልጅሽ ተስማማው ወይ?» አሏት።

«የምን ወተት እማማ?»

«ትናንት የላክሁልሽ ነዋ! ይቺ ልጅ በጣሳ የወሰደችው!»

«እኔ ወተት አልጠየቅሁም» አለች ሲስተር አልማዝ ግራ ገብቷት። «ልጄ ገና ጡት ብቻ ነው የሚጠባው።»

አንድ ሰውዬ የጎረሰውን መልሶ በመዳፉ ላይ ተፋው። አንዱ አንዱን፣ ከዚያ ሁሉም ዳቦውን፣ ከዚያ ሁሉም እትዬ የሺን ተመለከተ። መምሬ ጥላሁን በእጃቸው የቀረውን ቁራሽ ቀስ ብለው ሞሰቡ ላይ አስቀመጡና «የሺ፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ።

እኔ ምንም አልፈራሁም ነበር። እትዬ የሺ የአጃ ውኃ መሆኑን ሊነግሯቸው ነው፣ ሙያው ሊወጣ ነው ብዬ እንዲያውም አዘንኩላቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ሳያዩ «ወተቱንማ ለሲስተር ልጅ ብዬ አስመጥቼው ነበር» አሉ። «ሳልሰጣት መደርደሪያው ላይ እንዳለ ወደ ሻይ ቤቱ ተጠራሁ። ሊጡን ያቦካችው አስካል ናት፣ አሁን ነገርኳችሁ። የእርሾ ውኃ መስሏት ይሆናላ! ልጅ አይደለች?»

አስካል አሉኝ። አስካልዬ አላሉም። ይኼን የምነግራችሁ እስከ ዛሬ ስለሚያመኝ ነው። «እሳቸው ናቸው የጨመሩት!» ብዬ ጮኽኩ። «የአጃ ውኃ ነው ብለውኛል!»

ቀጥሎ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጃን በእኛ አገር የማያውቅ የለም፣ ሙቁን ጠጥቶ ያደገ ሰው ነው ሁሉም። ነገር ግን ውኃው ተጠልሎ ዳቦ ያለሰልሳል ሲባል የሰማ አንድ ሰው አልነበረም። «የአጃ ውኃ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!» አሉ እማማ ዘርፌ። «የዛሬ ልጅ ውሸት ሲያውቅበት!» አለ አንዱ። እትዬ የሺም ሳቁ። አዎ፣ ሳቁ! ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

መምሬ ጥላሁን አልሳቁም። እንግዶቹን «ባለማወቅ ነው፣ እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ብለው በመስቀላቸው ባረኩ። እኔን ግን አቅርበው «ልጄ፣ ወተቱን አላወቅሽም፣ እሱን እግዚአብሔር ይፍታሽ። ውሸቱን ግን አውቀሽ ነው የተናገርሽው። ቆርበሽ በዋልሽበት አፍሽ በክርስትና እናትሽ ላይ! ተሳስቼ ነው ብለሽ እውነቱን እስክትናገሪ ድረስ ወደ ቁርባን አትቀርቢም» አሉኝ። ሰው ሆዬ፣ አስቡት። ለመቁረብ መዋሸት ነበረብኝ።

በማግስቱ እትዬ የሺ ከረሜላ ይዘው ወደ ጓሯችን መጡ። ብቻዬን ሲያገኙኝ እንደ ድሮው አስካልዬ አሉኝ። «ጾመኛ ወተት አበላች ከተባልኩ ማን ከእጄ ይቀምሳል? ሻይ ቤቴ ይዘጋል። አንቺ ልጅ ነሽ፣ የልጅ ነገር ሲነጋ ይረሳል። የእርሾ ውኃ መስሎኝ ነው በያቸው፣ አለቀ፣ ትቆርቢያለሽ።» ያለቅሱ ነበር፣ እንባቸው እውነት ነበር። «ታዲያ ለምን የአጃ ውኃ ነው አሉኝ?» አልኳቸው። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ!» አሉኝ። ከረሜላውን አልተቀበልኳቸውም። ግንቡ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ፣ ዝናብ አሟሟው።

እናቴ ትረዳኛለች ብዬ ነበር። እሷም «በቃ ተሳስቻለሁ በይና ቁረቢ እንጂ! ትልቅ ሰው ዋሸ ይባላል እንዴ? አሳፈርሽኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የተሰበረው። የእትዬ የሺን ክህደት እንኳ እችለው ይሆን ነበር። የገዛ እናቴ ከእኔ ይልቅ ለሰው ፊት ስታስብ ሳይ ግን ማን እንደቀረኝ ጠፋኝ። አባቴ ግትር ሰው ነበር፣ እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ አልልም አልኩ። ተለመንኩ፣ ተቆጡኝ፣ በሳማ አስፈራሩኝ። አልልም አልኩ።

የፍልሰታ ቀን ያን ነጭ ቀሚስ ለበስኩ። እናቴ አውልቂ አላለችኝም፣ እንዳላየች ሆነች። ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ቆሜ ቅዳሴውን በጉም ውስጥ ሰማሁት። ልጆቹ ቆርበው ሲወጡ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። እንኳን ሊያጽናኑኝ ሊሰድቡኝም አይችሉም፣ የቆረበ ዝም ይላልና። በዓይናቸው ብቻ ቀሚሴን እያዩ አለፉ። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይላሉ፣ የእኔ ክረምት ግን ያን ጊዜ ነው የገባው። ቀሚሱን ሁለተኛ አልለበስኩትም፣ ለአክስቴ ልጅ ተሰጠ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት «የአጃ ውኃ» የክፍላችን ቋንቋ ሆኖ ጠበቀኝ። አንዱ የዋሸ እንደሆነ «ተው፣ የአጃ ውኃ!» ይባላል። እኔን ራሴን እስከ ስምንተኛ ክፍል በዚሁ ጠሩኝ። የእትዬ የሺ ሻይ ቤት ግን ሞቅ ደመቅ አለ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ጨመሩ። በዓመቱ መምሬ ጥላሁን ረስተውት ይሁን አዝነውልኝ ምንም ሳይጠይቁ አቆረቡኝ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እትዬ የሺም በየቡሄው ሙልሙል ይሰጡኝ ነበር፣ እንደ ድሮው ደረቁን። ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ጎንበስ ብዬ እቀበልና ለእናቴ አስረክባለሁ። አንድም ቀን አልቀመስኩላቸውም።

እንግዲህ ያቺ የካፌ ልጅ ሳታውቅ የነካችብኝ ይኼን ነው። ያን ዕለት ከገበያ አጃ ገዝቼ ገባሁ። ዘፈዘፍኩት፣ ፈጨሁት፣ አጠለልኩት። ነጭ ነው፣ ቁርጥ ያ ገበቴ ውስጥ ያየሁት። እሳት ላይ ትንሽ አሙቄ በእሱ አቦካሁ፣ አድበለበልኩ፣ ጥቁር አዝሙዱንም በተንኩበት። ሲበስል አንዱን በጣቴ ተጫንኩት። ስርጉድ አለ። ተመልሶም ብድግ አለ። ኩሽናዬ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለካ ይሆን ነበር! ሴትዮዋ ዋሽተው የነገሩኝን ራሳቸው ቢሞክሩት ኖሮ፣ ወተትም ሳያስፈልጋቸው፣ እኔንም ሳያስፈልጋቸው ይሆንላቸው ነበር።

ለቡሄ እንደገና ጋግሬ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ መሐል ሜዳ ተሳፈርኩ። ሞላሌ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሲወርድ ሲወጣ እኔም ልመለስ ወይ ብዬ ነበር፣ አልተመለስኩም። እትዬ የሺ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር ነው የሚኖሩት። ድምፄን ሲሰሙ «አስካልዬ!» ብለው ጉንጬን ስመው ስመው አልጠግብ አሉ። ዳቦውን እጃቸው ላይ አኖርኩት። በጣታቸው ተጫኑት፣ ዳበሱት፣ ፊታቸው ላይ ያ የድሮው ሳቅ መጣና መልሶ ጠፋ። መልሰው ገፉልኝ። «ወተት አለው ልጄ። ጾም ነው እኮ፣ ረሳሽው?» አሉኝ።

«ወተት የለውም እትዬ። የአጃ ውኃ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸውን አየሁ። እዚያ ፊት ላይ አንድ ነገር እስኪመጣ ጠበቅሁ። ማፈር ይሁን፣ መደንገጥ ይሁን፣ ሌላው ቢቀር መሸሽ። ምንም አልመጣም። «የአጃ ውኃ!» አሉ እየተደነቁ። «ወይ ሙያ! ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?» ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፈገግ አሉ። «ኧረ ልክ ነሽ! እኔ ድሮ ያልሠራሁት ምን አለ!» ብለው ቆርሰው ጎረሱ።

ምን ልበላቸው? ድሮ ውሸታም የተባልኩት እውነት ተናግሬ ነው። ዛሬ ደግሞ እውነቱ በእጃቸው ላይ ሆኖ ባለቤቱ እሳቸው ሆኑ። እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ተሸክሜው የኖርኩትን እሳቸው የዚያኑ ሰሞን አውርደው ረስተውታል። ልቆጣ ፈለግሁ፣ የሚያኝኩበትን ድድ ሳይ ግን ቁጣው ከየት ይምጣልኝ! ልጅ ሳለሁ የምወዳት ሴት እዚያው ነበረች፣ የካደችኝም ሴት እዚያው ነበረች። ሁለቱም አንድ ዳቦ ይበሉ ነበር።

ይኼኔ አንዲት ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ልትል ገባች። እትዬ የሺ ዳቦ ቆረሱላት። ሴትዮዋ ጎርሳ «በምን ቢሠራ ነው እንዲህ የለሰለሰው?» አለች። እትዬ የሺ አንገታቸውን ቀና አድርገው «በአጃ ውኃ ነው፣ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ» አሉ።

ማንም አልሳቀም።